ሊኑክስ ይግባ፣ ቤቱ ግን አይታወክ

«ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውሱን ሳላጠፋ ሊኑክስ መጫን እችላለሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ከወጣት አንባቢዎች ደጋግሞ ይመጣል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ ደግሞ ጠያቂው በርክቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ መሆን አለበት። በዚህ ምክንያት ገና ብዙ መሥራት የሚችሉ ላፕቶፖች ደጅ ቀርተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለጥያቄው ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው «ዊንዶውስን ጠራርገህ ሊኑክስ ብቻ ጫን» ይላል። ሁለተኛው «ምን አደከመህ፣ በቨርቹዋል ማሽን ሞክረው» ይላል። ሁለቱም ኮምፒውተሩ የአንድ ሰው ብቻ ሲሆን ያስኬዳሉ። የቤት ኮምፒውተር ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው አይደለም። እናት የመኖሪያ ፈቃድ ፎርም ይሞሉበታል፣ አባት የግብር ወረቀታቸውን ያስቀምጡበታል፣ ታናሽ እህት የትምህርት ቤት ሥራዋን ትሠራበታለች፣ ከአገር ቤት የተላኩ ፎቶዎች ለዓመታት ተከማችተውበታል።

የእኔ አቋም እንዲህ ነው። ሁለቱን ሲስተሞች ጎን ለጎን መጫን ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት የተሻለው መንገድ ነው፤ ግን አንድ መለኪያ አለው። «ሊኑክስ ይጫንልኝ» ብሎ ያልጠየቀ የቤቱ ሰው ኮምፒውተሩን ሲያበራ የተለወጠ ነገር ማየት የለበትም። ያው ዊንዶውስ፣ ያው የይለፍ ቃል፣ ያው ሰዓት፣ ያው ፋይሎች። ይህን መለኪያ የማያልፍ ጭነት፣ ሊኑክሱ ምንም ያህል ቢያምርና ቢፈጥን፣ ተሳክቷል አልልም።

መጥረግ ለምን አልመክርም

ዊንዶውስን ጨርሶ ማጥፋት ለጫኚው እፎይታ ነው፤ ለቀሪው ቤተሰብ ግን ድንገተኛ የቤት ለውጥ ነው። ፎርትናይትንና ቫሎራንትን የመሳሰሉ ጨዋታዎች የማጭበርበር መከላከያቸው ሊኑክስ ላይ አያሠራቸውም። ፎቶሾፕ የሊኑክስ ስሪት የለውም። አንዳንድ ፕሪንተርና ስካነር የራሱን የዊንዶውስ ፕሮግራም ካላገኘ ግማሽ አቅሙን ብቻ ይሰጣል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል፤ የድሮ የአማርኛ ሰነዶች። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ከወጣው ስሪት 3.0 ጋር ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ሰው የሚጽፈው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። በእንዲህ ዓይነት ፎንት የተጻፈ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ወይም የቤተሰብ ታሪክ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታያል። ፎንቱ የተጫነው ያው አሮጌው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ዊንዶውሱን የጠረገ ሰው ሰነዱን ማንበቢያ መነጽር አብሮ ጥሏል።

ቨርቹዋል ማሽን ለምን አይበቃም

የቨርቹዋል ማሽን ምክር የሚናቅ አይደለም። ፓይተን መማር ወይም ትንሽ ዌብሳይት መሥራት ብቻ ለሚፈልግ፣ ኮምፒውተሩም አዲስና ባለ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ለሆነለት፣ ዊንዶውስ ውስጥ የሚጫነው የማይክሮሶፍቱ የሊኑክስ ሰብሲስተም በቂ ነው። በ2016 ሲጀመር የሊኑክስ ትእዛዞችን የሚተረጉም ንብርብር ነበር፤ በ2019 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ስሪት ግን እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል ይዞ ይሠራል። ዲስክ መከፋፈል የለም፣ ቤተሰብ የሚያስደነግጥ ነገርም የለም።

ችግሩ ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የላቸውም። 4 ወይም 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ላይ ዊንዶውስም፣ በውስጡ ሌላ ሲስተምም ሲሮጥ ሁለቱም ያቃስታሉ። ሁለተኛ፣ ከስር ያለው ዊንዶውስ ድጋፉ የተቋረጠ ከሆነ፣ ላዩ ላይ የተቀመጠው ሊኑክስ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን መሠረቱ የተሰነጠቀ ቤት ላይ እንደተሠራ ሰገነት ነው። ሦስተኛውና ለወጣት አንባቢ ዋነኛው ነገር፣ ቨርቹዋል ማሽን እውነተኛውን ሃርድዌር ይደብቃል። የዋይፋይ ካርዱ ለምን እንዳልታየ፣ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ፣ ማሽኑ ከመብራቱ ጀምሮ እስከ መግቢያው ገጽ ድረስ ምን ምን እንደሚያደርግ አታዩም። ሲስተም አድሚኒስትሬተር ወይም የሶፍትዌር ባለሙያ መሆን ለሚፈልግ ሰው ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ግቢ፣ ሁለት ቤት

ሁለት ሲስተም እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ማወቅ ግማሹን ፍርሃት ያስወግዳል። በድሮው ባዮስ ዘመን የማስነሻው ኮድ የሚቀመጠው በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ነበር፤ ከዚያም ላይ ለኮዱ የሚተርፈው 446 ባይት ብቻ ነው። ቦታው ለአንድ ብቻ ስለሆነ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይደመስስ ነበር። «መጀመሪያ ዊንዶውስ፣ ቀጥሎ ሊኑክስ» የሚለው የቆየ ምክር የመጣው ከዚህ ነው።

ዛሬ ባዮስን በተካው ዩኢኤፍአይ ግን ነገሩ ተለውጧል። ዲስኩ ላይ ፋት 32 በሚባለው ፎርማት የተሠራ አነስተኛ ፓርቲሽን አለ፤ ዊንዶውስ በውስጡ የራሱ ፎልደር አለው፣ ኡቡንቱም የራሱ። አንዱ የሌላውን ፎልደር መንካት አያስፈልገውም። ማዘርቦርዱ ደግሞ የማስነሻ ቅደም ተከተል የሚባል ዝርዝር ይይዛል።

ነገሩን በአንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ሁለት ቤቶች አስቡት። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ክፍልና የራሱ ቁልፍ አለው። የግቢው በር ግን አንድ ነው፤ ዘበኛውም ዝርዝሩን አይቶ ከላይ የተጻፈውን መጀመሪያ ይጠራል። የሁለት ሲስተም ጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በክፍሎቹ ውስጥ አይደለም። የሚነሳው በጋራው ነገር ላይ ነው፤ በበሩ፣ በሰዓቱ፣ አንዱ የሌላውን ክፍል በመክፈቱ።

ዊንዶውስ ይቅደም

ከብዙ የሊኑክስ ወዳጆች ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው። ኡቡንቱና ሌሎቹ ሲጫኑ ግረብ የተባለውን የራሳቸውን ማስነሻ በዝርዝሩ አናት ላይ ያስቀምጣሉ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ጥቁር ገጽ ላይ ምርጫ ይመጣል፤ ለጥቂት ሰከንድ ካልነኩት ሊኑክስ ይነሳል። ብዙ መመሪያዎች እዚህ ላይ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብለው ያበቃሉ።

እኔ የምለው፣ ጭነቱ እንዳለቀ ወደ ፈርምዌሩ ማስተካከያ ገጽ ግቡና ዊንዶውስን መልሳችሁ አንደኛ አድርጉት። ሊኑክስ የምትፈልጉ እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ተጨማሪዋን አንድ ቁልፍ የምትጫኑት እናንተ ሁኑ። ማሽኑ ሲበራ በዴልና በሌኖቮ ብዙ ጊዜ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ሲጫኑ የማስነሻ ምርጫው ይመጣል። ቁልፉን በሰዓቱ መጫን ያልሆነለት ደግሞ ከዊንዶውስ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ሪከቨሪ፣ አድቫንስድ ስታርትአፕ ብሎ «ዩዝ ኤ ዲቫይስ» ከሚለው ሊኑክስን መምረጥ ይችላል።

ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ ብዬ አይደለም፤ ሁለት ቴክኒካዊ ምክንያቶች አሉኝ።

የመጀመሪያው ቢትሎከር ነው። ቢትሎከር ዲስኩን ሲቆልፍ የቲፒኤም ቺፑ የመነሻውን ሂደት ደረጃ በደረጃ ይለካል፤ ሂደቱ እንደወትሮው ከሆነ ብቻ ቁልፉን ይሰጣል። ዊንዶውስ በቀጥታ ሲነሳ ሂደቱ ያው የድሮው ነው። በግረብ በኩል ዞሮ ሲነሳ ግን ልኬቱ ሊለወጥና ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለውን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ለሥራ ቀጠሮ የቸኮሉ እናት ፊት ሰማያዊ ገጽ ተደቅኖ 48 ቁጥር ሲጠይቃቸው አስቡት።

ሁለተኛው በኦገስት 2024 በአደባባይ የታየ ነው። በዚያ ወር 13ኛ ቀን ማይክሮሶፍት ያወጣው የደህንነት አፕዴት ቀዳዳ ያለባቸው የቆዩ የሊኑክስ ማስነሻዎች በሴኪዩር ቡት በኩል እንዳያልፉ የሚያግድ ነበር። ኩባንያው ሁለት ሲስተም ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ እንደማይሠራ ቢያስታውቅም በአንዳንዶቹ ላይ ሠራ፤ በነዚያ ላይ ሊኑክስ ሲነሳ የደህንነት ፖሊሲ ተጥሷል የሚል መልእክት ብልጭ ብሎ ማሽኑ ይጠፋ ነበር። በአፕዴት መልክ መፍትሔ የወጣው በሜይ 2025 ነው። ግረብ አንደኛ በሆነበት ቤት የዚያን ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩን ያበራ ሰው ሁሉ ያየው የሞተ ማሽን ነው። ዊንዶውስ አንደኛ በሆነበት ቤት ግን ቤተሰቡ ምንም አላወቀም፤ ችግሩ የደረሰው ሊኑክስን ፈልጎ ለጫነው ሰው ብቻ ነው፤ መፍትሔውን ፈልጎ ለማግኘትም ፍላጎቱ ያለው እሱ ነው።

«የዊንዶውስ አፕዴት ቅደም ተከተሉን ስለሚገለብጥ ግረብን አንደኛ አድርጎ መጠበቅ ያስፈልጋል» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ዊንዶውስ አስቀድሞ አንደኛ ከሆነ የሚገለበጥ ነገር የለም፤ በአፕዴት ጊዜ የሚመጣው ይህ ግብግብ ራሱ ያበቃል።

ዲስክ ሳይነካ መጠናቀቅ ያለባቸው ነገሮች

ፓርቲሽን ከመንካታችሁ በፊት ሦስት ነገሮች ይለቁ።

አንደኛ፣ የቢትሎከር ቁልፍ። «እኛ ቤት ዲስክ አልተቆለፈም» ብላችሁ አትለፉት። በ2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 24ኤች2 ስሪት ወዲህ ሲስተሙ እንደ አዲስ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት መቆለፉ በአብዛኛው በራሱ ይበራል። ቁልፉም የሚቀመጠው ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ባዘጋጀው ሰው አካውንት ውስጥ ነው። በስደት ቤት ያ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ ያለ አጎት ወይም ከዚያ ወዲህ ቤት የቀየረች የአክስት ልጅ ናት። አሁኑኑ ደውሉ፣ ቁልፉን አግኙ፣ በወረቀት ጻፉትና ከፓስፖርቶቹ ጋር አስቀምጡት። ቁልፉ ከጠፋና ዲስኩ ከጠየቀው ማይክሮሶፍትም ሊከፍተው አይችልም።

ሁለተኛ፣ ባክአፕ። ከኮምፒውተሩ ውጭ በሆነ ዲስክ ላይ ይሁን። እዚያው ዲስክ ላይ ሌላ ፎልደር ውስጥ የተገለበጠ ፋይል ባክአፕ አይባልም። ከገለበጣችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ፎቶና አንድ ሰነድ ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ ፈቃድ። ኮምፒውተሩን የገዛው ሰው ምን ሊደረግ እንደሆነ ይወቅ። «አባዬ፣ ከዲስኩ 60 ጊጋባይት እፈልጋለሁ፤ ፋይሎችዎ በዚህ ላይ ተገልብጠዋል፣ ለእርስዎ የሚለወጥ ነገር የለም» ብሎ ባክአፑን ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኡቡንቱ 24.04 ቢያንስ 25 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ለመማሪያ 60 ቢሰጡት አይጨናነቅም። ቦታውን ለመቀነስ የዊንዶውስን የራሱን ዲስክ ማኔጅመንት ተጠቀሙ፤ ፋይሎቹን የሚያውቃቸው እሱ ነውና። ሴኪዩር ቡትንም ማጥፋት አያስፈልግም፤ ኡቡንቱና ፌዶራ የተፈረመ ማስነሻ ይዘው ስለሚመጡ እንደበራ ይሠራሉ።

እንግዳው ከቤቱ ጋር ይላመድ

ሁለቱ ሲስተሞች ከሚጋጩባቸው ነገሮች የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም የሚቆጥር ሰዓት አለ። ዊንዶውስ ያን ሰዓት የአካባቢ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ ሊኑክስ ደግሞ ዓለም አቀፉን ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። ለኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠዋት 1 ሰዓት የምንለውና ፈረንጁ 7 የሚለው አንድ ቅጽበት ነው፤ የተለያየው አቆጣጠሩ ነው። ሊኑክስን ተጠቅማችሁ ስታበቁ ዊንዶውስ ቢነሳ ዱባይ ያለ ሰው ሰዓቱ 4 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ያገኘዋል፣ ሪያድ ያለ 3፤ ዋሽንግተን ያለው ደግሞ በበጋ 4፣ በክረምት 5 ሰዓት ቀድሞ ያገኘዋል። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ጋር ተመሳክሮ እስኪያስተካክለው ድረስ የቪዲዮ ስብሰባ ያለበት ሰው ይደናገራል።

ብዙዎች የዊንዶውስን ሬጅስትሪ በመቀየር ይፈቱታል። በእኔ መለኪያ ግን የሚላመደው እንግዳው ነው። ሊኑክስ ላይ ታይምዴትሲቲኤል በተባለው ትእዛዝ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። ትእዛዙ ይህን ስታደርጉ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ምክንያቱም ሰዓት በዓመት ሁለቴ በሚቀየርባቸው አገሮች ለውጡን ማን ያድርግ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ዊንዶውስ ዋናው በሆነበት ኮምፒውተር ላይ ለውጡን የሚያደርገው ዊንዶውስ ስለሆነ ነገሩ ይሄዳል። ኢትዮጵያ፣ ሳውዲና ኤምሬትስ ውስጥ ደግሞ ሰዓት ስለማይቀየር ጥያቄውም የለም።

ሁለተኛው ፋስት ስታርትአፕ ነው። በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣ አሠራር ሲሆን፣ ሸት ዳውን ስትሉት ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ የከርነሉን ሁኔታ ዲስክ ላይ ጽፎ ያሸልባል። በዚህ መሐል ሊኑክስ የዊንዶውስን ፓርቲሽን ከፍቶ ቢጽፍበት፣ የነቃው ዊንዶውስ እሱ የሚያስታውሰውና ዲስኩ ላይ ያለው አይገጥምለትም፤ ፋይል የሚበላሸውም ያኔ ነው። ሊኑክስ ይህን ሲያውቅ ፓርቲሽኑን ለንባብ ብቻ ይከፍታል ወይም አልከፍትም ይላል። ይህ እምቢታ ብልሽት አይደለም፤ ፋይል እንዳይጠፋ ነውና አታስገድዱት። ፋስት ስታርትአፕን ከኮንትሮል ፓነል ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ አጥፉት፤ ኤስኤስዲ ባለው ኮምፒውተር ላይ የመነሻ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ያም ሆኖ የቤተሰቡን ፎልደር ከሊኑክስ ሆናችሁ አትጻፉበት። የጋራ ፋይል ካስፈለገ ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት የተሠራ ፍላሽ ይበቃል።

ዴስክቶፕ ካላችሁ ወይም ላፕቶፑ ለሁለተኛ ዲስክ ቦታ ካለው ደግሞ ሊኑክስን በራሱ ዲስክ ላይ አድርጉት፤ አጥሩ የለየለት ይሆናል። ሆኖም አንዳንድ ጫኚ ፕሮግራሞች ሊኑክስ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ቢጫንም ማስነሻውን በመጀመሪያው ዲስክ ላይ ያስቀምጣሉ። ጭነቱ እስኪያልቅ የመጀመሪያውን ዲስክ ነቅሎ ወይም በፈርምዌሩ አጥፍቶ መቆየት አስተማማኝ ነው።

አማርኛው በሁለቱም ቤት

ሊኑክስ ላይ ለመቆየት ካሰባችሁ አማርኛ መጻፍ በመጀመሪያው ቀን ይስተካከል። አማርኛ ለመጻፍ ሁልጊዜ ወደ ዊንዶውስ የሚመለስ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊኑክሱን ይረሳዋል። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ በሊኑክስ ላይም በአይባስ በኩል የአማርኛ መጻፊያ መጨመር ይቻላል። የቁልፎቹ አቀማመጥ ግን ከሲስተም ሲስተም ስለሚለያይ ጣት ይወናበዳል። ለዚህ ኪማን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም እመርጣለሁ፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ስለሚሠራ ያንኑ የአማርኛ ኪቦርድ በሁለቱም ላይ መጫን ይቻላል።

ፎንትም እንዲሁ። ኒያላና ኢብሪማ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጡ ናቸው፤ በነሱ የተዘጋጀ ሰነድ ሊኑክስ ላይ በሊብሬኦፊስ ሲከፈት በሌላ ፎንት ይተካል፤ መስመሩና ገጹም ይዛወራል። ከሁለቱም ወገን የሚከፈት ሰነድ ከሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን በሁለቱም ሲስተም ጭናችሁ በሱ ጻፉ። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

መውጫውም ይታሰብ

ሁለተኛው ሲስተም ለዘላለም ላይፈለግ ይችላል። ዲስኩ ሊጠብ፣ ኮምፒውተሩ ለሌላ ዘመድ ሊሰጥ ይችላል። ግረብን አንደኛ አድርጎ የቆየ ሰው የሊኑክስን ፓርቲሽን ከዊንዶውስ ሆኖ ቢሰርዝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማሽኑ ሲበራ ግረብ የራሱን ፋይሎች ፈልጎ ያጣና ጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ ይጠብቃል። ዊንዶውሱ ደህና ነው፤ የሚጠራው ጠፍቶ ነው። ዊንዶውስ አንደኛ በሆነበት ግን ፓርቲሽኑ ተሰርዞ ቦታው ለዊንዶውስ ሲመለስ ማንም አያስተውልም። በማስነሻው ፓርቲሽን ውስጥ የሚቀረው ፎልደር ትንሽ ነው፤ ጉዳትም የለውም።

ይህ ቅደም ተከተል መቼ ይገለበጣል?

በአቋሜ ላይ ሊነሳ የሚችለውን ጠንካራ ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ዊንዶውሱ ድጋፍ የተቋረጠበት ዊንዶውስ 10 ከሆነ፣ ቤተሰቡን በሱ ላይ ማስቀጠል ለአደጋ ማጋለጥ አይደለም ወይ? ነው። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 2026 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት ፕሮግራም ማዘጋጀቱን አስታውቋል፤ ይህ ጊዜ ይሰጣል እንጂ ጉዳዩን አይዘጋም። እንዲህ ባለው ቤት የባንክና የኢሜይል ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ሊኑክስ መሻገር አለበት፤ ዊንዶውስም ለአሮጌ ሰነድና ለፕሪንተር ብቻ፣ ኢንተርኔት ሳይኖረው ይቀመጥ።

ግን መሻገሩ በስምምነት ይሁን። አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ፋየርፎክስ እዚያም ያው ፋየርፎክስ እንደሆነ አሳዩ፤ ፎቶዎቹን ገልብጡላቸው፤ ፕሪንተሩን አብራችሁ ሞክሩ። አንድ ቀን ከቤቱ ሰው አንዱ «ያኛውን ክፈትልኝ፣ እሱ ይፈጥናል» ሲላችሁ ያን ጊዜ ሊኑክስን አንደኛ አድርጉት። ከዚያ በፊት ግን ዝርዝሩን ለብቻችሁ አትገልብጡ።

ለዚህ ቅዳሜ የምመክረው ዲስክ የማይነካ ሥራ ነው። ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ሳትጭኑ ከዚያው አስነሱት። ዋይፋዩ ይሠራል? በተለይ ብሮድኮም ቺፕ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ድምፁ ይሰማል? ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ይነቃል? «ሰላም» ብላችሁ በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ? ውጤቱን በወረቀት ጻፉ፤ ፍላሹን አውጥታችሁ ዊንዶውስን አስነሱና የቢትሎከሩን ቁልፍ ፈልጉ። ሁሉም ከተሟላ መጫኑ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ካልተሟላም የቤቱ ኮምፒውተር እንደነበረ አለ።